እሳት አዳይዋ ከእኔ ጋር ናት

ሙላቴ፣ የኔ ሰው፤

ካረፍክ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ሙት ዓመትህንም ዘክረናል። የቤቱን ወሬ ሁልጊዜ በጸሎት ነው የምነግርህ። ይሄኛው ግን ኃጢአት ስላለበት ቤተ ክርስቲያን ይዤው መግባት አፈርኩ፤ በወረቀት ይሁን አልኩ።

ነገሩ የታላቅ ወንድምህ የታረቀኝ ነው። ካገባኸኝ ጀምሮ «አያ ታረቀኝ» እያልኩ፣ ሲመጣ ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ ኖሬ የለ? እንግዲህ አንቱታውን አንስቼበታለሁ። አትቆጣኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ቮልስህን ወሰዳት። በሕይወትህ ሳለህ «ይቺን ቆርቆሮ መቼ ነው የምትጥላት?» እያለ ሲያላግጥብህ የኖረው ሰው፣ የአዲስ አበባ አሮጌ መኪና ወዳጆች እንደሚፈልጓት ሲሰማ የቤተሰብ ቅርስ ናት አለ። የተዝካርህ ድንኳን ሳይፈርስ በገመድ አስጎትቶ በደጄ አሳለፋት። ቁልፉን ሲጠይቀኝ እጅ ነሥቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

እሳት አዳይዋን ግን አልሰጠሁትም። ሌባ እንዳያስነሣት ማታ ማታ ከሞተሯ ነቅለህ ኪስህ የምትከታትን፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የምታዳርሰውን ያቺን አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ አስታወስካት? የሞትክ ዕለት ከኮትህ ኪስ አገኘኋት። ያለ እሷ ቮልስህ ንቅንቅ አትልም።

ከጣራ ገዳም ስንመለስ የነዳጅ መስጫው ሽቦ የተበጠሰብን ቀን ትዝ ይልሃል? ሲባጎ ከኋላ ካለው ሞተሯ ጋር አስረህ፣ ጫፉን በመስኮት አስገብተህ አስያዝከኝ። አንተ ስትነዳ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሲባጎውን እየሳብኩ፣ «ጨምሪ»፣ «ቀነስ አድርጊ» እያልከኝ፣ እየሳቅን ቤታችን ገባን። እሷን ነው የወሰደብኝ።

የእሱ አዲሷ መኪና አትንገጫገጭም፤ ብርድም አታስገባም፤ አልክድም። ግን በዚህ ክረምት ሐሙሲት አጠገብ አንዲት ቀይ መብራት በርታባት ቀጥ ብላ ቆመች። ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ድረስ ገበያተኛው እያየው መሪዋን ይዞ ተቀምጦ ዋለ። የድሮዋ ስትታመም ራሷ ትነግርሃለች፣ የዛሬዋ ግን ሐኪሜን ጥሩልኝ ትላለች ትል አልነበር? ስሰማ ደስ አለኝ። ይሄ አንዱ ኃጢአቴ ነው።

በኋላ ቮልስህን ሊገዛ ያሰበ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። የሆነውን የነገረችኝ የታረቀኝ ሚስት ናት። የለቀቀ ቀለሟን አይቶ አዲስ ስላልተቀባች አመሰገነ። ክርንህን የምታስደግፍበትን የበሩን ጠርዝ በእጁ ዳበሰው። የኋላ ክዳኗን ከፍቶ የእሳት አዳይዋን ባዶ ቦታ ሲያይ ግን ሳቀና፣ ይቺን የያዘው ነው ባለቤቷ፣ እሱ ጋ ውሰዱኝ አለ። ታረቀኝ እኔ ነኝ ቢል አልሰማውም።

ቤቴ መጥቶ እሳት አዳይዋን ሳልሸጥለት ስቀር አልከፋውም። አዲስ መኪና ማንም ቢነዳት ያው ናት፣ እንዲህ ያለችው ግን የነዳትን ሰው ትመስላለች አለኝ። ዕቃዋን ሌላ ቦታ ማግኘት እንደማያቅተው፣ ግን ሰውዋ ያልለቀቃትን መኪና እንደማይወስድ ነግሮኝ ሄደ። ሙላቴ፣ ከቀብርህ ወዲህ እንደዚያ ቀን አላለቀስኩም።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ይመልስላት ብለው ፈረዱ። እኔም ፍርድ ቤት ሄጄ ላልከሰው፣ በምትኩ አንድ ነገር ለመንኩ፤ በገመድ እንደወሰዳት በገመድ አይመልሳት፣ በእጁ ይግፋት። ከንስሐ አባታችን በቀር ሁሉም ሳቁ፤ ግን እሺ አሉኝ።

ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ጢም ብሏል። መሪዋን እኔ ያዝኩ። ታረቀኝና ሁለት ጎረምሶች ከኋላ እየገፉ፣ ደብረ ታቦር በሙሉ ቆሞ እያየ፣ ዳገቱ መሐል ደረስን። ያኔ ፍሬኑን በቀስታ ረገጥ አደረግሁት። እያለከለከ ምን ነካት ብሎ ሲጮህ፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ በትሕትና «ቆርቆሮ አይደለች፣ አያ ታረቀኝ? ይግፉ እንጂ!» አልኩት።

አንቱ ያልኩት ያኔ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ።

አሁን ቮልስህ ደጃችን ቆማለች። እኔም እንደ አንተ ማታ ማታ እሳት አዳይዋን ነቅዬ ኪሴ እከታታለሁ፤ ስተኛም በእጄ እዳብሳታለሁ። እስክከተልህ ድረስ አልረሳህም፣ ሙላቴ።

እሱንም አልረሳውም።

ባለቤትህ፣ አገርነሽ