የአበልጄ አውሮፕላን

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአበልጄ፤ ቡሬ።

እንደምን ከርመዋል? ቤተሰቡ፣ ከብቱ ደኅና ነው? የሠርጉ ድግስስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ለሚያየኝ ሰው ደኅና ነኝ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው በሦስት ዓመት የሚሆነውን ሆኛለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት አልተውሁም፤ አንዳንድ ቀን ግን ጥርሴን ነክሼ ነው የምለው።

በመቆጣጠሪያ የሚያበሯት ትንሿ አውሮፕላንዎ ተጠግናለች። ሾፌርዎ ዘሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያመጣልዎታል። ፖስታውን በኮላ ያሸግሁት እሱ እንዳያነበው ነው።

ሲያመጣት በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነበረች። "ጋሼ ለሠርጉ ሲለማመዱ ባሕር ዛፉ ከመንገዳቸው አልወርድ አላቸው" ብሎ ሳቀ። አፍንጫዋ ተጨፍልቋል፣ ግራ ክንፏ ከሥሩ ተገንጥሏል፣ ከእጅዎ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ የምትቀበልበት ሬዲዮ ሽቦው ተበጥሷል። የልጅዎን የእሌኒን ሠርግ ከሰማይ ሆና በካሜራዋ እንድትቀርጽ እንደሚፈልጉም ነገረኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ከረጢቱን ስፈታ ደስ አለኝ። የእርስዎ ነገር ተሰብሮ እጄ ላይ መውደቁ ደስ አለኝ። ሚስቴ ደጊቱ የሞተች ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውዬ መኪናዎን ስለምንዎት፣ ባትሪው ሞቶ ቆማለች አሉኝ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቶ ነበር። በልመና ባገኘሁት ሚኒባስ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይዣት ወጣሁ፤ ደምበጫ ሳንደርስ እጄ ላይ አለፈች። ከዚያ ወዲህ የባትሪውን ነገር አምኜልዎ አላውቅም። ማስረጃ የለህም እያልኩ ራሴን እገሥጻለሁ፤ አባታችን ሆይ ስደግም ግን "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ከምትለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እግዚአብሔር የማይሰማኝ ይመስል።

ክንፏን አጣብቄ በቀርከሃ ስንጥር ደገፍኩት። ሽቦውን በየድኩ። አፍንጫዋን በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ አስተካከልኩ። ከዚያ አንድ ክፉ ሥራ ሠራሁ። ክንፏን የምታዘነብለውን ቀጭን ዘንግ ከነበረችበት ነቅዬ በተቃራኒው በኩል ሰካኋት። ወደ ቀኝ ሲሏት ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ቀና በይ ብለው በታገሏት ቁጥር ይበልጥ ትዘነብላለች። ሠርገኛው አንጋጦ እያየ እርስዎ ሲደናበሩ፣ ሽማግሌ በአሻንጉሊት ተጫወተ ብለው ሲስቁብዎ ታየኝ። ያን ሰሞን እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

ካሜራዋ መሥራቷን ልሞክር ብዬ ካርዷን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። የቆዩ ፊልሞች አሉባት። አንዱ ላይ የፈረንጅ ቀን ተጽፏል፤ ዲሴምበር 24። የጥገና ሱቄ ግድግዳ ላይ የ2009ን ካላንደር አላነሣሁትም፤ ቅዳሜ ታኅሣሥ 15ን በእርሳስ አክብቤበታለሁ። ሁለቱን አመሳከርኩ። አንድ ቀን ናቸው፤ ሰዓቱም ሦስት ከአርባ።

አበልጄ፣ ፊልሙ የሚጀምረው ከነጩ ፒካፕዎ ሲወርዱ ነው። ሞተሩ ይሰማል፤ ዘፈን ተከፍቷል። አውሮፕላኗን ለዘሩ እያቀበሉ "ቀስ በል፣ ከሚስቴ በላይ ነው የምወዳት" ይላሉ። ዘሩ "የፍኖተ ሰላሙ ሰውዬስ ደግመው ቢደውሉ?" ይልዎታል። እርስዎም "አበልጄ ሚስቱ ባስነጠሳት ቁጥር መኪና ይጠራል። ባትሪ ሞቷል አልነው፣ በቃ" ይላሉ። ትስቃላችሁ። ከዚያ አውሮፕላኗ ትነሣለች፤ ሜዳው፣ የጤፉ ክምር፣ መኪናው እያነሰ ይሄዳል።

አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። እሌኒን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣቻትን ሴት ነው እንዲህ ያሉት። በልጅ የተዛመድነው እግዚአብሔር ፊት ነበር።

ዘንጓን በዚያው ቀን ወደ ቦታዋ መለስኩ። ይቅር ብዬ አይደለም። ዳሱ ሥር የምትቀመጠው እሌኒ ናት፤ የምትወድቀው አውሮፕላን እሷን ትምታ እርስዎን አላውቅም። ደግሞም የሰው ሳቅ አነሰብኝ። ሳቅ በማግስቱ ያልቃል።

ደጊቱን ስንቀብር እሌኒ ደረቷን እየመታች "እትዬን የሚያደርስ አንድ መኪና እንዴት ጠፋ?" እያለች ስታለቅስ እርስዎ አጠገቧ ቆመው ነበር። መሬት መሬት አዩ። እስከ ዛሬ የመለሰላት የለም። ስለዚህ አበልጄ፣ ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ነው፤ አሥራ አንድ ቀን አለዎት። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ልጅዎን ለብቻዋ ያስቀምጧትና በራስዎ አፍ ይንገሯት። አውሮፕላኗ ላይ ያለው ካርድ አዲስና ባዶ ነው። አሮጌው ካርድ በዳዊቴ ውስጥ ነው። እርስዎ ካልነገሯት፣ የክርስትና እናቷ ባል ነኝና ልመርቃት ስነሣ እጇ ላይ አኖረዋለሁ። በልጅዎ ዓይን ፊት የሚስቴ ስም ሲነሣ የሚሸማቀቁበት ዕድሜ ይስጥዎ ብዬ የተመኘሁበት ሌሊት አለ። ንስሐ አልገባሁበትም።

ስትሰማ ዝም አትልም፤ የጀመረችውን ጥያቄ ሳትጨርስ የምትተው ልጅ አይደለችም። ስልኩ ላይ እኔ ምን እንዳልኩዎት ትጠይቅዎታለች። ትንሽ ሆዷን አመማት አለኝ ይበሏት። ብዬዎታለሁ፤ አልክድም። ከንፈሯ ነጥቶ፣ ጉልበቷን አቅፋ እያየኋት ነው ትንሽ ያልኩት። በጣም ታማለች ብል ከመቼ ጀምሮ ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ከሐሙስ ጀምሮ ነው። ሐሙስ ነርሷ ትርፍ አንጀት ይመስላል፣ ዛሬውኑ ማርቆስ ውሰዳት ብላኝ ነበር። እኔ የሰባት ቀን ጠበል ተስዬላት አራተኛው ቀን ላይ ነበርን። አጥማቂው ቄስ እንኳ "ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው፣ ጠበሉን ይዛችሁ ሂዱ" ሲሉኝ እምነታቸው የላላ መሰለኝ። ስእለት በሰው ፍርሃት አይቋረጥም ብዬ መለስኩላቸው። ደጊቱ እንሂድ ብላኛለች። ሐሙስ አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ሁለት ጊዜ። ቅዳሜ ጠዋት ምንም አላለችም፤ የደወልኩልዎት ያን ጊዜ ነው።

ያንን የቀረጸ ካሜራ የለም። የእርስዎን ሲነግሯት የእኔንም አብረው ይንገሯት። እኔ ጀምሬው አፌ አልታዘዝ አለኝ። አዝነውልኝ፣ ወይም ዕዳው እንዲተካከል ብለው የእኔን ቢያስቀሩት፣ ካርዱን እሰጣታለሁ።

እግዚአብሔር የእሌኒን ትዳር የአብርሃምና የሣራ ያድርግላት። ቤትዎን ከክፉ ይጠብቅ። የደጊቱን ነፍስ ያሳርፍልን፤ የቀረነውን ሁለታችንን እንደ ሥራችን ሳይሆን እንደ ቸርነቱ ይየን።

አበልጅዎ፣
የእሌኒ የክርስትና እናት ባል