ጨው የሚደርስበት ቀን

...ጉሙ ገደሉን ሞልቶ የማዶው አምባ ብቻውን ሲቀር፣ «ያውልሽ፣ ውሃው ከበበው» ያልሽው አንቺ ነሽ። ወይስ እኔ ነኝ? ውድ ሥርጉት፣ ይሄን ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አምባውን ደሴት ካልነው በኋላ፣ የሚኖሩበትን ሰዎች ግን አብረን ነው በሐሳባችን የሠራናቸው። የቄስ ልጅ ነሽና ጾሙን አበዛሽባቸው፤ ባሕር መሐል ተቀምጠው ዓሣ የማይቀምሱ ምስኪኖች። ቋንቋቸውን እኔ ሠራሁ። ቤት የቆየው ተመላሹን «ዶሪን» ይለዋል፤ ጉሙ በደህና መለሰህ ማለት ነው። ካህናቱ ደወል የላቸውም። ወደ ጉሙ ዞረው የራቀባቸውን ሰው ስም በሹክሹክታ ይጠራሉ፤ ጸሎታቸው ይኸው ነው።

ትልቁ በዓል ጨው የሚደርስበት ቀን ነበር። ጀልባዋ ከየብስ ጨው ጭና ስትመጣ፣ መንገደኞቹን ከሁሉ ይልቅ የናፈቀው ሰው ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም። ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ሕዝቡ ያውቃል። ያን በዓል የሠራሁት አቀስታ ልታስተምሪ በሄድሽ ሰሞን ነው። ለምን እንደሠራሁት አልጠየቅሽኝም።

በፋሲካ ደውለሽ «ለመለሰ ነገርኩት እኮ» ስትይኝ፣ ስለ ሠርጋችሁ የምታወሪ መስሎኝ ነበር። ስለ ደሴቷ ነው። እጮኛሽ ከጅቡቲ ጭነት ያመላልሳል፤ ባሕር አይቷል። ስልኩን ተቀበለሽ።

«የትምወርቅ እህቴ፣ ባሕሩ ራሱ ጨው እኮ ነው። ጨው የሚገዛ ደሴት የት አለ? ባሕሩን ከሐይቅ ቀድታችሁ ነው መሰል የሠራችሁት።»

ከጀርባው ስትስቂ ሰማሁሽ። በዓሉ ቀረ። በምትኩ ደሴቷ ላይ የእሱ ወደብ ገባ። ክሬን። መብራት።

ባሕር ጨው መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። አንቺም ታውቂ ነበር። አውቀን ነው የተውነው።

አሁን ደሴቷን ሳስብ የመለሰ የጭነት መኪና ድምፅ ይመጣል። ሰዎቼ ከመንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙለታል። እቀናለሁ፣ ሥርጉት። በሱ ይሁን ባንቺ አላውቅም።

ቅዳሜ ልትመጡ ነው ሲባል አንድ ነገር ብቻ ጠበቅሁ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እናቴ ከጓዳ «ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ እንግዳ ደጅ ይቆማል?» ትላለች። አንቺ ደፉ ላይ ቆመሽ የቋጠርሽውን ፌስታል ፈታሽ።

«ከባሕሩ ነው። መለሰ ነው ያመጣው።»

ጨው። በዓሉን ያልረሳሽው መሰለኝ። ቀድሜ የምቀምሰው እኔ ነኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ቆንጠር አድርገሽ ዞርሽና በሱ ምላስ ላይ አኖርሽው። ፊቱን አጨማደደ፣ ሳቃችሁ። ከዚያ በትከሻሽ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«ዶሪን» አለኝ።

ቃሉን አጥርቶ ነው ያለው። ቤት የቆየው እሱ፣ ከጉም የወጣሁት እኔ መሰልኩ።

ወደቡን ውሰዱት። መብራቱንም። ደህና ሁኚ።

እናቴ አሁንም ግቡ እያለች ነበር፣ በሩን ስዘጋው።