ዓይኑ የቀረው ሥዕል

ለውድ ልጄ ለመክብብ፣

የእናትህ ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአጎትህ አድራሻ ልኬዋለሁ፤ ከግንባር ስትመለስ ይሰጥሃል። በስተርጅናዬ ፊደል የቆጠርኩት ላንተ ልጽፍ ብዬ ነው፤ የተማርከው አንተ ግን ጦሩ ከተበተነ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍክልኝም።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ራይስዋይክ ከተማ ውስጥ፣ ገላቸውን የማጥባቸው አንዲት የቤይሩት አሮጊት አሉ፤ ማዳም ናዚራ ይባላሉ። ሳሎናቸው ውስጥ አያታቸው ቀይ ቆብ ደፍተው፣ ጋዜጣ ይዘው ተሥለዋል። ወለል ስወለውል ዓይናቸው ይከተለኛል።

«ይህ የተሣለበት ጊዜ እኛ ዓረቦች ትምህርት ቤት የከፈትንበት፣ ጋዜጣ ያተምንበት፣ መልካችንንም ማሣል የጀመርንበት ዘመን ነው» ይሉኛል ማዳም።

የወንድማቸው ልጅ ሠዓሊ ስለሆነ፣ እንደ አያትየው አድርጎ እንዲሥልህ ፎቶግራፍህን ሰጠሁት። ትናንት ማዳም ሸራውን አዩና፣

«ልጅሽ መቼ ሞተ?» አሉኝ።

«ሟርትዎን ለራስዎ ያድርጉት!»

«አትቆጪ። በእኛ ቤት በሕይወት ያለ ሰው ራሱ ሠዓሊው ፊት ይቀመጣል። ከፎቶግራፍ የምናሥለው ሟችን ነው።»

ፎቶግራፍህን ከሠዓሊው እጅ ቀማሁት። ሸራው ላይ ፊትህ አልቆ ዓይንህን መሣል ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ተወው፤ ራሱ መጥቶ ይቀመጥልሃል» አልኩት።

ሲሥልህ የምትቀመጥበትን ወንበር መስኮቱ አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ ማንንም አላስቀምጥበትም።

ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ የሺመቤት