የተጋደመችውን ጠርሙስ ላቆሙልን አስተዳዳሪ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንድትሆኑ፣ ልጆችዎንም በየተራ ለመዳር እንዲበቁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ የምኖረው የወይን ጠማቂው ሚስት ነኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ በኋላም ጎረቤቱ የሚጠራኝ በዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው ስለሚከተሉት ውለታዎች ለማመስገን ነው።

፩ኛ/ ምድር ቤቱን ስላጸዱልን። ባለቤቴ ሕመሙ ሲጠናበት፣ በገዛ እጁ ከጠመቀው ወይን አንዲት ጠርሙስ አስቀርቶ፣ ወይኑ እያራሰው ቡሹ እንዳይደርቅ እዚያው ምድር ቤት ጥግ ላይ አጋደማትና ልጄ ስትዳር እኔ ባልኖር ይቺ ትገኝላት ብሎ አደራ ሰጠኝ። እርስዎ ግን የተጋደመ ጠርሙስ ማየት ነውር ቢሆንብዎ፣ አንስተው ቀጥ አድርገው አቆሙልን። ለሥርዓት ያለዎት ፍቅር አፍ ያስይዛል።

፪ኛ/ ብርድ እንዳይመታት አዝነው ከውሃ ማሞቂያው ጎን ስላስጠጓት። ባለቤቴ በታመመበት ክረምት አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት ያቃተው ሙቀት፣ እሷ ዘንድ መድረሱ አስደስቶኛል።

፫ኛ/ የተበላሸ ወይን በምን እንደሚታወቅ ስላስተማሩኝ። በሠርጉ ዕለት ቡሹ እጄ ላይ ተፈረካከሰ፤ ያ ቀይ ወይን የዛገ ውሃ መስሎ ወረደ፤ ቤቱም አቼቶ አቼቶ ሸተተ። ሙሽራው ጨዋ ልጅ ነውና ቀምሶ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ። ልደፋው ስነሳ ልጄ እጄን ያዘችኝ፤ ተይ እማዬ፣ የአባዬ እጅ ያለበት ነው ብላ፣ ፊቷን ሳታጨማድድ ብርጭቆዋን ጨለጠችው። ከዚያ ከነቬሏ ደረቴ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እንግዳው የደስታ እንባ መስሎት አጨበጨበልን።

፬ኛ/ በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ስነግርዎ፣ ወይን በየሱቁ ሞልቷል ብለው ስላጽናኑኝ። ሱቁን ሁሉ ብዞር የእሱ እጅ ያለበት የት ይገኛል? ልቤ ተሰብሯል፣ ጌታዬ። አምስተኛም ነበረኝ፤ ይቅርብኝ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳው፣
የሙሽራዋ እናት

ማሳሰቢያ፦ ጎረቤቶቼ የተረፈውን ወይን ሰላጣ ላይ ጨምሪው፣ አይባክንም ብለው መክረውኛል። እጄ እምቢ ስላለኝ ግማሹ ጠርሙስ አልጋዬ ሥር ነው። ቤቴን ለመቆጣጠር ሲመጡ ከነጫማዎ ቢገቡም ግድ የለኝም፤ እጅዎን ብቻ ከኪስዎ እንዳያወጡ እለምናለሁ።