ልቤን ያዳመጡት ተማሪዎች

ውድ እህቴ ሳቢራ፣

የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እማስ ጉልበቷ ተሻላት? ባለፈው ስትደውዪ «ድምፅሽ ደክሟል፣ አሞሻል እንዴ?» ስትዪኝ ጉንፋን ነው ብዬሽ ነበር። ጉንፋን አልነበረም፤ ልቤ ነው። አሁን ደህና ነኝ፤ ሳትደነግጪ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እዚህ አማን፣ ረቢየህ ሰፈር፣ የማዳም ቤት ደረጃው ከበደኝ። ልብስ ላሰጣ ጣሪያው ላይ ስወጣ መሐል ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ማዳም እዚያው አገኘችኝና «ከንፈርሽ ጠቁሯል! ያላ፣ ተነሽ» ብላ በመኪናዋ ሆስፒታል ወሰደችኝ። አንቺ አዋላጅነት እንደተማርሽበት ሆስፒታል፣ ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። አስተኙኝ። ማዳም አሮጊት እናቷን ብቻዋን ትታ ስለመጣች ወዲያው ተመለሰች።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና አልጋዬን ከበቡኝ።

«ልብሽን ቢያዳምጡ ትፈቅጂያለሽ?» አለኝ።

እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በሰው አገር፣ የእኔ የምለው ሰው አጠገቤ ሳይኖር፣ ደረቴን ለማላውቀው ሰው! ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። መጀመሪያ ያዋለድሻት ሴት፣ መብራት ጠፍቶ ግራ ሲገባሽ፣ በዚያ ምጥ ውስጥ ሆና «አይዞሽ የኔ ልጅ» ያለችሽ፣ እሷም ትዝ አለችኝ። እሷ እምቢ ብትል ኖሮ አንቺ በማን ላይ ትማሪ ነበር? እሺ አልኩ። ነርሷ በአንሶላ ሸፈን አደረገችኝ።

ፕሮፌሰሩ አጠገቤ ያለውን የልብ ማሳያ ማሽን ስክሪን ወደ ግድግዳው አዞረው። «ነገ የምትሠሩበት ቦታ ይሄ ላይኖር ይችላል። መጀመሪያ ጆሯችሁን አሠልጥኑ» አላቸው።

ኢድሪስ የሚባል ቀጭን ሱዳናዊ ተማሪ ተራ ደረሰው። ጦርነቱ ካርቱም የጀመረውን ትምህርት አቋርጦበት እዚህ የመጣ ልጅ ነው። ቢያዳምጥ፣ ቢያዳምጥ፣ «ምንም አልሰማሁም» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁና በዐረብኛ «ድገም፣ እኔ አልቸኩልም» አልኩት።

«በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ትንፋሿን አስወጥታ ትያዝ» አለ ፕሮፌሰሩ።

ዞርኩለት። ኢድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። «እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው!»

ፕሮፌሰሩ በልጅነቴ ጉሮሮዬን በተደጋጋሚ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። እማ በሞቀ የጨው ውሃ ታስጉመጠምጠኝ እንደነበር ትዝ አለኝና አዎ አልኩት። በጊዜው ያልታከመው ያ በሽታ የልቤን ቫልቭ፣ ደሙ የሚያልፍበትን በር፣ አጥብቦታል አለ። ተማሪዎቹ ጻፉ፣ አመሰገኑኝ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ።

ሳቢራ፣ የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ሁሉ ሰው ልቤን ሰምቶ ሲሄድ ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴን አልጋ ልጆቿና እህቶቿ ምግብ ይዘው ይከቡት ነበር። እንዳያዝኑልኝ የተኛሁ መስዬ ወደ ግድግዳው እዞር ነበር። አንዳንዴ ነገም ተማሪዎቹ በመጡ እል ነበር፤ እጃቸው ቢቀዘቅዝም የሰው እጅ ነው።

ከዚያ ሐኪሞቹ በእግሬ ደም ሥር በኩል ገብተው ቫልቩን በምትነፋ ትንሽ ፊኛ ከፈቱልኝ። ስነቃ አልጋዬ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ማንም የለም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ ኢድሪስ ነው። ፕሮፌሰሩም ጓደኞቹም አብረውት የሉም።

«ስምሽን ሳልጠይቅሽ ሄድኩ» አለ።

«ሙፊዳ።»

«ሙፊዳ፣ አሁን እንዴት ሆነ? ልስማው?»

ሰማ። «ነጎድጓዱ ሄዷል» ሲለኝ ዕንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሎት ነርሷን ሊጠራ ተነሣ። ሕመም አይደለም አልኩት። ማዳም ቤት «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ፣ እየተባልኩ ከርሜ፣ ስሜን ከሰው አፍ ስሰማ ነው የፈነቀለኝ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ዓባይ ዳር ሰፈራቸው አወራኝ። እኔም ስላንቺ አወራሁት። «ንገሪያት፣» አለኝ፣ «ሁላችንም የምንማረው ከፈቀዱልን ሰዎች ነው።»

አሁን ወደ ማዳም ቤት ተመልሻለሁ፤ ደረጃውንም ሳላርፍ እወጣለሁ። ግን ሐኪሙ ዕድሜ ልኬን መድኃኒትና ክትትል ያስፈልግሻል ብሎኛል። ብዙ አሰብኩና ኮንትራቴን እንደማላድስ ለማዳም ነገርኳት። አኮረፈች፤ ያልፍላታል። እዚህ የሚከታተለኝ ሐኪም አላጣም፤ ሲያመኝ ከድምፄ የሚያውቅ ሰው ግን ከአንቺ ሌላ የለኝም። ለእማ ሕመሙንም መምጣቴንም ቀስ ብለሽ ንገሪያት።

የሚናፍቅሽ እህትሽ
ሙፊዳ
አማን፣ ረቢየህ