ጌታውን ብርድ እንዳይመታው

ውድ ወንድሜ፣

ስልክህ ስለማይነሳ ጤናህን እንደ ደህና ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ሟቹ እገባለሁ። ጌታው ሞቷል።

እማዬ ይህን እንዳልጽፍልህ አስጠንቅቃኛለች። «ደህና ነው፣ ናፍቀኸዋል በይው» ነው ያለችኝ። እባብ እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚናፍቅ ብጠይቃት፣ «አንቺ ጻፊ፤ እሱ ይገባዋል» አለች። እንደምታውቀው ለውሸት ሰነፍ አይደለሁም። ይሄኛው ግን አልሆንልኝ አለ።

ያን የመስታወት ሳጥን ተሸክመህ የገባህበት ቀን ትዝ ይልሃል? እማዬ አልጋ ላይ ወጥታ ስትጮህ፣ አንተ ድምፅህን አለስልሰህ «እማዬ አትፍሪ፤ ይሄ እባብ አይደለም፣ ዘንዶ ነው» ብለህ አጽናናሃት። ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ማጽናኛ የተሰማ አይመስለኝም። «ደግሞ ገና ልጅ ነው፣ ያድጋል» ስትልማ ከአልጋው ወደ ቁም ሳጥኑ ጫፍ ልትሸጋገር ምንም አልቀራት። አንተ ጌታው ብለህ ስም አወጣህለት። እሷ ስሙ ከአፏ እንዳይወጣ ምላ፣ «ገመዱ» ብላው ቀረች። «ገመድህ በላ?» «ገመድህን ክደንልኝ፣ ልተኛበት።»

የሄድክበትን ቀንም አልረሳሁትም። እማዬ ከጦር ይልቅ የምትፈራው በመስኮት የሚገባ ንፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ መስኮት ከከፈተ «ልጄ፣ ምን በደልንህ?» የምትል ሴት ናት። አንተ ደግሞ ጢምህን የምትላጭ ሰውዬ ሆነህም በሩ ላይ «ሹራብ ለብሰሃል? የት ነው? ከማን ጋር?» ሳትባል ወጥተህ አታውቅም። ያን ቀን ሹራቡን ወንበር ላይ ወርውረህ «እዚህ ቤት አየር የለም!» ብለህ ጮህክ። እማዬም በቅን ልቦና «እንዴት አይኖርም? ጠዋት ትንሽ ከፍቼው ነበር እኮ» አለችህ። እኔ ሳቅሁ። አንተ ግን አልሳቅህም፤ ሻንጣህን አወጣህ።

በሩ ላይ ቆመህ ሹመት ሰጠኸኝ፤ የአየርና የእርጥበት ኃላፊ። «የእርጥበት መለኪያዋ መርፌ ከሃምሳና ከስልሳ መሃል ትቁም» አልክ። «ከዚያ ከወረደች ቆዳውን ሲጥል ይቆራረጥበታል። ከወጣች ሳንባው ይታመማል። በጎን ያሉት ቀዳዳዎች ቀዝቃዛውን ያስገባሉ፣ የክዳኑ የሽቦ መረብ ሙቁን ያስወጣል። ሁለቱም ክፍት ይሁኑ።» ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ተቀቅዬ የምመለስ ሴት፣ ማታ ደግሞ የዘንዶ እንፋሎት ጠባቂ ሆንኩ። ቢሆንም ሥራዬን አከበርኩ። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ውሃ እረጫለሁ፣ ማታ መርፌዋን አያለሁ፤ ከፍ ስትል የውሃውን ሳህን ከማሞቂያው መብራት አርቃለሁ።

እማዬ የራሷን ስሌት ይዛ ነበር። «ዕቃውን ትቶ የሄደ ሰው ይመለሳል። ሹራብ እንኳ ሌላ ይገዛል፤ ገመዱን ግን ከየት ያመጣል?» ትላለች። ስለዚህ ያ እባብ በቤታችን መያዣ ሆኖ ተቀመጠ። እሱ እስካለ አንተ አለህ። እባቡ እንዳይወጣ በክፍልህ በር ስር ፎጣ ትወትፍ የነበረችው ሴት ቀስ በቀስ ደፍ ላይ መቆም፣ ከዚያ ወንበር ይዛ መግባት፣ ከዚያ ከሳጥኑ ጋር ማውራት ጀመረች።

ክረምቱ ሲገባ ሳጥኑን ዙሪያውን ብትመረምረው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። «ይሄ ቤት ነው ወንፊት? ብርድ ሊገድለው!» ብላ ክዳኑ ላይ ብርድ ልብስ አለበሰች። እኔ አነሳለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። «ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ አንቺ?» የውሃውን ሳህንም ሞቅ ያለ እንዲጠጣ ብላ መብራቱ ስር ታስጠጋለች። መስታወቱ ጉም ለበሰ። መርጨቱን ተውኩ፤ መርፌዋ ሰማንያን አልፋ አልወርድ አለች። ከግድግዳው በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ምን እንዳለ አላወቅሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ተቀበለችኝ። «ቀስ በይ፣ ጌታው ተኝቷል። ስሚ፣ ያንኮራፋል! ሞቆታል።»

ስሙን ስትጠራ የሰማሁት ያኔ ነው። ማንኮራፋቱንም ሰማሁ። ጭንቅላቱን ወደ ክዳኑ ቀጥ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በአፍንጫው አረፋ ያወጣ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙን ለምኜ አመጣሁት። የላምና የውሻ ሐኪም ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ያዢልኝ» አለኝ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ሐኪሙ?»

«ሐኪም ነኝ አልኩ እንጂ ጀግና ነኝ መች አልኩ?»

ያዝኩለት። መድኃኒት ወጋው። «ሳንባው ነው። እባብ ማሳል አይችልም፤ ቢስል ኖሮ ቀድማችሁ ትሰሙት ነበር» አለ። ከዚያ ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ በጣቱ ከየቀዳዳው የሱፍ ቁራጭ መጎተት ጀመረ። ሰማያዊ ነው። ሹራብህ ነው። በመቀስ ተቆራርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይቀር ተወትፏል።

«ይሄን ደግሞ ማነው…» ብሎ ዞረ።

እማዬ እጆቿን አጣምራ «በርዶት ነበር» አለች።

ሐኪሙ አያት፣ እኔን አየኝ፣ ሱፉን ኪሱ ከተተው። «አዎ እናቴ፣ ሰሞኑን ብርድ ነው» አላት። እኔን ግን ደጅ ድረስ ስሸኘው «ብዙ አትድከሚ» አለኝ። ልክ ነበር። ጌታው ወደ ክዳኑ እንዳንጋጠጠ ቀረ። ለቀስተኛ ስላልነበረ ቀብሩ አጭር ሆነ።

እማዬ አላለቀሰችም። ከጓሮ ስንመለስ ብቻ «እንዳትነግሪው። አሁን ምን ብሎ ይመጣል?» አለችኝ።

እኔ በበኩሌ ጌታው እያለም እንደማትመጣ አውቄዋለሁ። እሷ ፊት አላልኩትም፤ ላንተ ግን ልበለው።

አሁን ያንተ ክፍል መስኮት ጠዋትም ማታም ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማዬ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እያስነጠሳት፣ ንፋሱ መሃል ትቀመጣለች። ባዶውን ሳጥን በየማለዳው ትረጨዋለች። ብከለክላት አትሰማም። መርፌዋ ሃምሳ አምስት ላይ ቆማ አልነቃነቅም ብላለች። በሥልጣን ዘመኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ልክ አቁሜያት አላውቅም። የሚተነፍስባት ስለሌለ ይመስለኛል።

ይሄን ስጽፍ መጥታ ከጀርባዬ ቆማለች። መነጽሯን አላደረገችም።

«ደህና ነው አልሽው?»

«አልኩት።»

«ናፍቀኸዋል አልሽው?»

«ናፍቀኸናል አልኩት።»

ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች። «እንግዲያው አሁን አየር አለ በይው።»

ብያለሁ።

እህትህ፣
የቀድሞዋ የአየርና የእርጥበት ኃላፊ