በእናቴ ነጥብ ደሴት አይተው ለተመለሱት ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ጀማሉዲን ጃፋር
የዩልስታና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የክቡራን የኮሚቴ አባላትን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይም ከጉዞው መልስ ሲላላጥ የነበረው አፍንጫዎ ሙሉ በሙሉ እንደዳነ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህ ወር እዚህ ስቶክሆልም፣ ዩልስታ ላይ ፀሐይ ገና ከመውጣቷ ስለምትጠፋ፣ ከመካከላችን ቢያንስ አንድ ሰው በፀሐይ ተቃጥሎ መምጣቱ ለሁላችንም መጽናኛ ነው።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። ሸይማ አብዱልሀፊዝ እባላለሁ፤ የከዲጃ ልጅ ነኝ። ስብሰባ ሲኖር በማኅበሩ መሰብሰቢያ ሎካል በር ላይ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ የምቀመጠው፣ ሻይ የማዞረውና እርስዎም አንድ ጊዜ በሰው ፊት «ይቺ ልጅ ምላስ የላትም እንዴ?» ብለው ያሳቁብኝ እኔ ነኝ። ሰው ሲያየኝ መናገር ስለማልችል መጻፍን መርጫለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ኮምቦልቻ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ እዚህ ገና የቋንቋ መልመጃ ክፍል ውስጥ ስለሆንኩ፣ በደብዳቤዬ ስሕተት ቢገኝ እንደ አባት ያርሙኝ። ደብዳቤውን በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት ደግሞ የምስጋና ነገር ተደብቆ ሲቀር ደስ ስለማይለኝ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ነገሩን ለማያውቁ አባላት በአጭሩ ላስረዳ። እናቴ ወደ ስዊድን ስትመጣ እኔን ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ ሚስኪ ናት። እኔ ወደ እናቴ ስመጣ እሷ ወደ ባሕሬን ሄደች፤ ማናማ ከተማ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ዘንድሮ ከረመዳን በኋላ ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙና ሆስፒታል ገባች፤ ሐኪሞቹም ብዙ ጊዜ እንደሌላት ነገሯት። እሷ ግን በድምፅ መልእክት እየሳቀች፣ «ሸይምዬ፣ ደሴት ላይ ነሽ ይሉኛል፤ እኔ ባሕሩን ያየሁት በመኪና መስኮት ነው። ነይና አብረን እንየው። ጸጉሬንም ነርሶቹ ቆርጠው ሳይጨርሱት ሹሩባ ትሠሪኛለሽ» አለችኝ።

እናቴ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን የምትረዳ ሴት ናት፤ የሁለት ሰው ትኬት የምትገዛበት ገንዘብ አልነበራትም። የነበራት ነጥብ ነው። ዱቄቱንም፣ ዘይቱንም፣ የእኔን የክረምት ጫማም የምትገዛበት ካርድ በየግዢው ነጥብ ይሰጣታል፤ ጎረቤቶቻችን በነጥባቸው መጥበሻና ፎጣ ሲወስዱ እሷ ለአንድ ቀን ይሆነኛል ብላ ሳትነካው ኖረች። ይህ ነጥብ ወደ አየር መንገድ ከተዛወረ ትኬት ይሆናል። አየር መንገዱም በዚያ ሰሞን ለወጣት አባላትና ብዙ ለሚበሩ ደንበኞች ወደ ደሴቶች በግማሽ ነጥብ እወስዳለሁ ብሎ ነበር፤ ባሕሬንም ደሴት ስለሆነች ከደሴቶቹ ጋር ተጽፋ ነበር። ቅናሹ የሚገባው ሰው ለሌላም ትኬት ማውጣት ስለሚችል፣ በግማሹ ከሆነ የእናቴ ነጥብ ለእሷም ለእኔም ይበቃል።

ስለዚህ እኔ በወጣት አባልነት ተመዘገብኩ፤ እናቴም ነጥቧን ልታዛውርልኝ ሞከረች። አልሆነም። ነጥብ የሚዛወረው ለቤተሰብ ብቻ ነው፤ ቤተሰብ ማለት ደግሞ በእነሱ ዘንድ የመጨረሻ ስሙ አንድ የሆነ ሰው ነው። የእኔ አብዱልሀፊዝ ነው፤ የእናቴ ጃፋር። ለአየር መንገዱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በጨዋነት፣ «እናትሽ ከሆነች ለምን ስሟ ከስምሽ ተለየ?» አለችኝ። እኛ ጋ ልጅ በአባቱ ስም እንደሚጠራ፣ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትጥል በተሰባበረ ስዊድንኛዬ አስረዳኋት። ሰነድ ላኩ፣ መልሱ ግን ሳምንታት ይወስዳል አለች። ሚስኪ ሳምንታት አልነበሯትም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እመለሳለሁ።

፩. በመጀመሪያ ቤተሰባችን ስለሆኑ አመሰግናለሁ። እናቴ ሌላ መንገድ ስታጣ፣ «ጋሽ ጀማሉዲንም እኮ ጃፋር ነው» አለች። እርስዎ ለንግድ ኢስታንቡል ስለሚመላለሱ ብዙ ከሚበሩት ደንበኞች ውስጥ ነዎት፤ ቅናሹ ይገባዎታል። ሎካሉ መጥተን ስንነግርዎ እየሳቁ፣ «ሱብሃነላህ! ከዲጃ፣ ስዊድን እህትና ወንድም አደረገችን በይኛ! አምጪው፣ በእኔ ገብቶ ለእናንተ ይወጣል» አሉ። እናቴ የዚያን ቀን እጅዎን ልትስም ምንም አልቀራትም ነበር። ኮምፒውተሩ ከማኅፀኗ የወጣሁትን እኔን አላውቅም ሲል፣ አያትዎ የየት አገር ሰው እንደሆኑ እንኳ እናቴ የማታውቅልዎትን እርስዎን ያለ አንድ ጥያቄ ወንድሟ ናቸው ብሎ ተቀበለ። ነጥቡ ወደ እርስዎ ሲገባ የወሰደው ጊዜ ሻይ ከመቅዳት ያነሰ ነው።

፪. ትዕግሥት ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ቪዛችን ወጥቶ፣ እናቴም ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ስንጠብቅ፣ መጀመሪያ ጁምዓ ይለፍ አሉ፤ ቀጥሎ በረራው የተሻለ ሰዓት እስኪያገኝ አሉ፤ ከዚያ ዕቃዎ ጉምሩክ ላይ ተይዞብዎት ራስዎ ዞረ። እናቴ ደግማ መደወል አልፈለገችም፤ ታላቅ ሰውን እንዳላመኑት መጎትጎት ነውር ነው ብላ ስልኩን እያነሳች መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔ የበረራውን ቀን ጽፌ ላክሁልዎ። እርስዎም አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ያደረገ ምስል መለሱልኝ፤ ያንን ምስል እኔና እናቴ እሺ ማለት ነው ብለን ሻንጣ አዘጋጀን።

፫. የዓለም ካርታ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ግራን ካናሪያ የምትባል ደሴት መኖሯን ያወቅሁት ከእርስዎ ፎቶ ነው። እርስዎና ክቡራን የኮሚቴ አባላት አጭር ሱሪ ለብሳችሁ፣ ባሕሩን ከኋላ አድርጋችሁ የቆማችሁበትን ፎቶ በግሩፑ ላይ ሲለጥፉ ከሥሩ «የልምድ ልውውጥ ጉዞ» ብለው ጽፈው ነበር። ልምዱን ከማን ጋር እንደተለዋወጣችሁ ለማወቅ ፎቶዎቹን ሁሉ እያሰፋሁ አየሁ፤ ከእናንተ ሌላ የሚታየው ሰው መጠጥ የያዘው አስተናጋጅ ብቻ ስለሆነ፣ ልምድ ያካፈላችሁት እሱ መሆን አለበት። አላህ ይስጠው፤ ስለ መረዳጃ ማኅበር አመራር ብዙ ተምሮ ይሆናል።

፬. ከሁሉም በላይ ስለ ሰጡን ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ስትመለሱ እናቴ ሎካሉ ድረስ መጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ ነጥቡ ጠየቀችዎ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩና ሁሉንም ሰምቻለሁ። የደሴቱ ቅናሽ ሊያበቃ ስለነበር ነጥቡ ከንቱ እንዳይቀር እንደተጠቀማችሁበት ነገሯት። በሊቀመንበር ስም የገባ ነገር የማኅበር ነው አሉ። አጠገብዎ የነበሩት ጸሐፊያችን አቶ ሞገስ፣ «ባሕሬን ደሴት ተብላ ነበር እኮ» ብለው ትንሽ ሊረዱን ሲሞክሩ፣ እርስዎ፣ «ምን ደሴት ናት! ከሳዑዲ በድልድይ በመኪና የሚገባባት አገር! ደሴትማ አሁን ያየናት ናት» አሉና ሳቁ፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ አቶ ሞገስም በመጨረሻ ሳቁ። ከዚያ የእናቴን ትከሻ በወንድምነት መታ መታ አድርገው፣ «አይዞሽ ከዲጃ፣ በሚቀጥለው ቅናሽ እንልክሻለን፤ ሚስኪ እንደሆነች የትም አትሄድም» አሏት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህ ቃልዎ እውነት ሆኗል። ሚስኪ የትም አልሄደችም። ማናማ መቃብር ውስጥ ናት፤ ከእንግዲህም የትም አትሄድም።

እናቴ ቤት ለቤት እየሠራች ሳለ ነው ሚስኪ የሞተችው። አብራት ሆስፒታል ስታስታምማት የነበረች አንዲት የጅማ ልጅ ደውላ ነገረችን። ያጠቧት ሴቶች ስሟን አያውቁም ነበር። በዚያው ቀን ስለቀበሯት እናቴ የእህቷን ቀብር ያየችው ልጅቷ በስልኳ በቀረጸችው ምስል ነው። በምስሉ ውስጥ አሸዋና የሰዎች ጀርባ ይታያል። ጸጉሯን ቆርጠውት እንደሆነ ልጅቷን ጠይቄ ነበር፤ «አላህ ይማራት» ብላ ስልኩን ዘጋች።

፭. ለቅሶ ስለደረሱንም አመሰግናለሁ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ወንበሩን ሁሉ ከማኅበሩ አስመጡልን፤ ቴምርም ይዘው መጡ። ለወንዶቹ «ከዲጃ እህቴ ናት» ብለው ሲናገሩ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ትዕግሥት ጥሩ ንግግር አደረጉ። እናቴ ሻይ እንድሰጥዎ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ሰጠሁዎ። ስኳር ጨምሪበት አሉኝ፤ ጨመርኩበት።

ስድስተኛም ነበረኝ፤ ግን አሁን ሳስበው ምስጋና ስላልሆነ ተውኩት።

በመጪው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ለሊቀመንበርነት እንደገና እንደሚወዳደሩ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬ ስላልደረሰ ድምፅ የለኝም፤ ቢኖረኝም ቆሜ እጄን የማወጣ ሰው እንዳልሆንኩ እርስዎም ያውቃሉ። ነጥቡን እንዲመልሱልን አልጠይቅም፤ በእሱ የምንሄድበት ቦታ የለንም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሑድ ዕለት ተነሥተው ለአባላቱ ሲናገሩ፣ ያ ጉዞ በማን ነጥብ እንደተሄደና ነጥቡ ለምን ተጠራቅሞ እንደነበር በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው። ሚስኪ የሚለውን ስምም ይጥሩት። እናቴ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ አንገቷን ስለምትደፋ ዓይኗን አያዩትም፣ አይቸገሩ። ይህን ካደረጉ በኋላ አባላቱ ቢመርጡዎ እኔም ከልቤ ሻይ አዞራለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ገበያ የማያጣ ንግድ፣ በየዓመቱም ደንበኛ የሚያከብር አየር መንገድ እየተመኘሁልዎ፣ የቤተሰብነትዎ ውለታ ከብዶብኝ ቀና ማለት ያቃተኝ፣ በኮምፒውተር ዘንድ የእናቴ ልጅ ያልሆንኩት፣ በእርስዎ ዘንድ ምላስ የሌለኝ፣

አክባሪዎ
ሸይማ አብዱልሀፊዝ
ዩልስታ፣ ስቶክሆልም

ማሳሰቢያ፦ ባሕሩ ዳር በተነሡት ፎቶ ሥር የልብ ምልክት ከተጫኑት አባላት አንዷ እናቴ ናት። ፎቶው የደረሳት ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ በማን ነጥብ እንደሄዱ አላወቀችም ነበርና ለወንድሟ ደስ ብሏት ተጫነች። ከለቅሶው በኋላ ልቡን እንድታነሳው ብነግራት፣ «ተይው፣ መነሳቱን ካየ ቅር ይለዋል» አለችኝ። እናቴ ደክሟት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ስልኳ አሁን እኔ እጅ ላይ ነው። እኔ ቅር እንዲልዎ ስለምፈልግ ልቡን አንስቼዋለሁ።